ሽቦው ላይ የተቋጠረው አረንጓዴ ክር

ረቡዕ፣ ሰኔ 11 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ይድረስ ለልጄ አባት፣ ባለህበት፤

«የኔ ጌታ» ብዬ ልጀምር እስክሪብቶ አንስቼ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት የለመደ እጅ እምቢ ሲል አስበው። ስለዚህ ሰላምታዬ እንደ ልብህ ይሁን፤ ንጹሕ ከሆነ ይሙቅህ፣ ካልሆነ ይቆርቁርህ። እኛ ደህና ነን። ልጅህ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ሁለት አዳዲስ አብቅላለች። ስትስቅ አንተን መምሰሏን እንድትተው መክሬያታለሁ፤ አልሰማችም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። በስምንት ወር አንድ ደብዳቤ፣ እሱም ስለ መኪና! «ኮምፒውተሩ ሞቷል፤ የሞተ አይነሳም። ለቁርጥራጭ ብረት ሽጧትና ተገላገሉ፤ የድርሻዬን ፊርማ ልኬያለሁ» ትላለህ። ስለ ልጅህ አንድ መስመር፣ ስለ እኔ ግማሽ፣ ስለ አባቴ ምንም። ፊርማህን በዚሁ ፖስታ መልሼልሃለሁ። አሮጊቷ መኪናችን አትሸጥም። አሮጊቷ ዛሬ ጠዋት በገዛ ጎማዋ ከግቢ ወጥታ፣ ያንን ዳገት ወጥታ፣ ዞራ ተመልሳለች።

እንግዲህ ቁጭ በል። ይሄ ቆመህ የምታነበው ደብዳቤ አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው፤ ታውቀዋለህ፣ ግን ከእኔ አፍ ሲወጣ አልሰማኸውም። ዘንድሮ ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው አባባ ጭነት ይዘው ዳገቱን ሲወጡ አሮጊቷን ጉልበት ከዳት። ቢጫዋ የብልሽት መብራት በራች፣ ጭሱ ጠቆረ፣ የነዳጁን መርገጫ ወለል እስኪነካ ቢረግጡት ከእግረኛ አልፈጥን አለች። እያዘገመች የጭነት መኪኖቹ ማቆሚያ ግቢ ደረሰች። አንተ በሾፌሮቹ ሁሉ ፊት ኮፋኖውን አንስተህ የብልሽት ማንበቢያ ማሽንህን ሰካህ። ማሽኑ የሞተሩን ሁኔታ ለኮምፒውተሩ የሚነግሩ የአምስት ሴንሰሮችን ስም ዘረዘረ። ያኔ ቀና አልክና፣ ድምፅህ አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው፣ «አምስት ሴንሰር በአንድ ቀን አይሞትም። የሞተው ኮምፒውተሩ ነው፤ ገዳዩ ደግሞ ውሃ ነው» አልክ። ይህን ብለህ የአባባን ባልዲ አየህ። ሰው ሁሉ ባልዲውን አየ።

አባባ በሠላሳ ዓመት ውስጥ መኪናቸውን ያላጠቡበት ዓርብ እንደሌለ ታውቃለህ። ሞተሯንም ያጥባሉ፤ ግን ኮምፒውተሩን እኔ የሰፋሁለትን የፕላስቲክ ልብስ ሳያለብሱት ውሃ አያነሱም። «ልጄ፣ አልብሼዋለሁ እኮ!» አሉህ። «አባባ፣ እርጅና ነው፤ ሰው ይረሳል» አልካቸው፣ እንደ አዛኝ ሆነህ፣ ትከሻቸውን መታ መታ እያደረግክ። የዘይት ሻጩ ሚስት፣ ያቺ እትዬ ሬዲዮ የምንላት፣ እዚያው ቆማ ነበር። እሷ ካየች ማስታወቂያ መክፈል አያስፈልግም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ በዚያ ግቢ ስማቸው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? «ጋሼ ባልዲ»። ሠላሳ ዓመት አንድ ሰው ሳይገጩ፣ አንድ ጭነት ሳያበላሹ የነዱ ሰው፣ ጋሼ ባልዲ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ እሳቸው ግን ሰምተዋል። ልጅህ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ «እማ፣ ጋሼ ባልዲ ማነው?» አለችኝ፣ አያቷ አጠገቧ ቁጭ ብለው። አባባ ጫማቸውን አስረው ወጡና አራት ሰዓት ሙሉ ጠፉ።

መንጃ ፈቃዳቸውን እኔ የልብስ ቁልፍ በማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተቱት። ባልዲያቸውን ሽንኩርት አደረጉበት። ውሃ ይፈራሉ፤ ልጅቷ ብርጭቆ ስታነሳ «ሶኬቱ! ሶኬቱ!» እያሉ ይጮሃሉ። እጃቸውን ሲታጠቡ እንኳ እንደ ሌባ ዙሪያቸውን ያያሉ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ዕለት ንዴቴን ይዤ ቀጥታ ዝግታ ዘንድ ሄድኩ። አዎ፣ የመኪና ኤሌክትሪሻኑ ዝግታ። አንተ «ዝግታን ለታመመ ብትጠራው ለለቅሶ ይደርሳል» እያልክ ግቢውን ስታስቅበት የኖርከው ሰውዬ።

«እህቴ፣ ባልሽ አይቶት የለም እንዴ?» አለኝ።

«አይቶታል።»

«ምን አለ?»

«ሞቷል አለ።»

«ሬሳውን አሳየሽ?»

«ሬሳ ደግሞ የምን?»

«ኮምፒውተሩ ተከፍቶ፣ የተቃጠለው ቦታ ይሄ ነው ብሎ አሳየሽ ወይ?»

አላሳየኸኝም። ለማንም አላሳየህም። መጥቶ እንዲያያት ለመንኩት።

ቅዳሜ ዕለት መጣ፤ በአንድ እጁ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር፣ በሌላው ታጣፊ ወንበር፣ ብብቱ ሥር ደብተር። አንተ ብትሆን እስከዚያ ግማሹን ሞተር አውርደኸው ነበር። እሱ ወንበሩን ዘርግቶ ከአባባ ጋር ወሬ ጀመረ፤ መፍቻ የሚባል ነገር ሳይነካ! ደሜ ፈላ። ግን የሚጠይቀውን ስሰማ ቀስ እያልኩ በረድኩ። መብራቷ ስትበራ ሞተሩ ሞቆ ነበር ወይስ ገና ነበር? በአንዴ ቦግ አለች ወይስ ከዚያ በፊት ብልጭ ድርግም ትል ነበር? ከታጠበች በስንተኛው ቀን ነው የቆመችው?

አባባ በጣታቸው ቆጠሩ። «ዓርብ አጠብኳት። የቆመችው ረቡዕ ነው።»

«በመካከሉስ ሠርታለች?»

«ሁለቴ ጭናለች። ዳገቱንም ወጥታዋለች።»

ዝግታ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ። «ታዲያ ይሄ ውሃ አምስት ቀን ሙሉ ምን ሲጠብቅ ነበር፣ አባባ?» አላቸው።

ይህቺን አንዲት ጥያቄ አንተ ብትጠይቅ ኖሮ! ሞኝ አይደለህም። ያልጠየቅከው ሳታውቅ ቀርተህ መስሎኝ ነበር፣ እስከ ሰኞ ድረስ።

ማሽኑን ሰካ፤ እነዚያው አምስት ስሞች መጡ። «ማሽኑ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም» አለኝ። «እህቴ፣ አንድ ቤት ውስጥ አምስት ሰው በአንድ ቀን ቢታመም አምስት በሽታ ትፈልጊያለሽ ወይስ የበሉትን ትጠይቂያለሽ?» ከዚያ አስረዳኝ። ኮምፒውተሩ ለሴንሰሮቹ የሚያካፍላት ትንሽ ኃይል አለች፣ አምስት ቮልት። ለነዚህ ለአምስቱ በአንድ ሽቦ ትሄድና መንገድ ላይ ትከፋፈላለች፤ ለሰፈሩ ሁሉ ውሃ እንደሚያደርስ አንድ ቧንቧ። ቧንቧው አንድ ቦታ ከፈረሰ የሁሉም ቤት ይደርቃል። ኮምፒውተሩም ሴንሰሮቹ ሲዘጉበት ዓይኑ እንደታሰረ ሰው ይሆናል፤ ሞተሩ እንዳይጎዳ ብሎ ጉልበት ይቀንሳል።

ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ለካ። አንዱ ተበላሽቶ ኃይሉን እየዋጠው ቢሆን፣ እሱ ሲነቀል አምስቱ ቮልት ይመለስ ነበር። አምስቱንም ነቀለ፤ ቴስተሩ ከዜሮ ፈቀቅ አላለም። ከዚያ ሶኬቱን ከኮምፒውተሩ ላይ አላቆ ኮምፒውተሩን ለብቻው ለካው። አባባ አንገታቸውን አስግገው ቁጥሩን ጮክ ብለው አነበቡት፦ «አምስት!»

«አምስት» አለ ዝግታ። «ሰውዬው በሕይወት አለ፤ የታነቀው መንገድ ላይ ነው።»

ሽቦውን ሲከተል እሑድ ዋለ። ሰኞ ረፋድ ላይ መኪናዋ ሥር ተኝቶ ጠራኝ። «እህቴ፣ መቀስሽን ይዘሽ ነይ። ይሄ ከእኔ ሙያ ይልቅ ያንቺን ይመስላል።»

ሞተሩ ጎን፣ እንደ ምድጃ ከሚግለው ቱርቦ ዝቅ ብሎ፣ ሰው እጁን በማይሰድበት ጥግ፣ በናስትሮ የተጠቀለለ አውራ ጣት የሚያህል እብጠት አለ። ናስትሮው ጫፍ ላይ ክር፤ ሦስት ዙር፣ ሁለት ቋጠሮ። በዚህ ዓለም ላይ ናስትሮ በክር የሚያስር አንድ መካኒክ ብቻ አውቃለሁ። «ሙቀት ማስቲሹን ያላቅቀዋል፤ ክር ግን አይለቅም» ስትል፣ ሾፌሮቹ «የልብስ ሰፊዋ ባል» እያሉ ሲስቁብህ፣ «የኔ ሥራ በክሩ ይታወቃል!» ስትል። ታወቀልህ፤ ደስ ይበልህ።

ክሩ አረንጓዴ ነው። ቆረጥኩት። ናስትሮውን ፈታሁ። ከሥሩ ሌላ አሮጌ ናስትሮ ወጣ፣ የነደደ፣ እጅ ላይ የሚፈረፈር። እሱም ላይ የክር ትራፊ አለ፤ ብርቱካናማ። ከዚያ ሥር ሁለት ሽቦዎች፣ እንደ ሹሩባ የተጠማዘዙ፣ ላስቲካቸው ቀልጦ መዳብ ለመዳብ ተጣብቀዋል። አንደኛው አምስት ቮልቱን የሚያደርሰው፣ ሁለተኛው ወደ ኔጌቲቭ የሚመልሰው። ዝግታ ሁለቱን በጥፍሩ ሲያላቅቅ፣ ከላይ ቴስተሩን የያዙት አባባ «መጣ! መጣ!» ብለው ጮሁ።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልምጣ። ብርቱካናማው ክር የዚያች የነገረኛዋ ደንበኛዬ የመጋረጃ ክር ነው። መኪናዋ ከመቆሟ ሁለት ወር በፊት ጠፋብኝ፤ ልጅቷን «የት ጣልሽው?» ብዬ ጆሮዋን ቆነጠጥኳት። አንተ እዚያው ቁጭ ብለህ እራትህን ትበላ ነበር። ያን ሰሞን አባባ «መብራቷ አልፎ አልፎ ብልጭ ትላለች» ብለውህ ለግማሽ ሰዓት መኪናዋ ሥር ገብተህ እንደወጣህ ዛሬ ትዝ አለኝ። የተላጡትን ሁለት ሽቦዎች ቆርጠህ ቀጥለህ፣ ቶሎ ልውጣ ብለህ ሁለቱን መጋጠሚያ በአንድ ጥቅል አሰርካቸው። ይሁን። ሰው ይቸኩላል። ይሄ ስህተት ነው፤ ብትነግረኝ ኖሮ አንድ ወር ስስቅብህ ከርሜ እተወው ነበር።

አረንጓዴውስ?

አረንጓዴውን ክር የገዛሁት ትምህርት ቤቱ የደንብ ልብስ ቀለም ሲቀይር ነው። ትምህርት የተከፈተ ሳምንት። ያኔ አሮጊቷ ቆማ ሁለት ሳምንት አልፏታል። ከዚያ በፊት እቤቴ ውስጥ አንዲት ክንድ አረንጓዴ ክር አልነበረም።

መኪናዋ ከቆመች በኋላ ሄደህ ከፍተሃል ማለት ነው። ብቻህን። የነደደውን የገዛ እጅህን ሥራ አይተሃል። ሁለቱን ሽቦ በጥፍርህ ብታላቅቃቸው አሮጊቷ በዚያው ቅጽበት ትነሳ ነበር። አላላቀቅካቸውም። አዲስ ናስትሮ ደረብክበት፣ የልጅህን የደንብ ልብስ ክር ሦስት ዙር አዞርክበት፣ ሁለት ቋጠሮ ቋጠርክ፣ እጅህን ታጠብክና እቤት ገባህ።

ለምን? ሦስት ቀን አሰብኩት። አባባ አንድ ጊዜ በሾፌሮች መሀል «አንተ ሽቦ ትቋጥራለህ እንጂ መኪና አታውቅም» ስላሉህ ነው? ተናግረዋል፣ አልክድም፤ አባቴም ምላሳቸው የሰላ ነው። ወይስ ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው? አንዴ «ውሃ ነው» ብለህ ስለጮህክ? «ፈልጌ አገኘሁት» ብትል ግቢው በትከሻው ይሸከምህ ነበር እኮ! ማን ክር ይመረምራል?

ይህን ሁሉ ልተውልህ እችል ይሆናል። የማልተውልህን ልንገርህ። ትምህርት ከተከፈተ ሁለት ሳምንት አልፎ፣ አረንጓዴውን ክር ከቋጠርክ በኋላ ማለት ነው፣ አባባ የመኪናዋን ቁልፍ በሁለት እጃቸው ይዘው እኛ ቤት መጡ። ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ይቅር በለኝ። እጄ አርጅቶ እንጀራችንን አቃጠልኩ» አሉህ።

አንተም «ግድ የለም አባባ፣ ማንም ይሳሳታል» አልክ።

ይቅርታውን ተቀበልክ! ቁልፉንም ተቀብለህ ኪስህ ከተትክ። በአሥራ አምስተኛው ቀን «ሩቅ አገር ትልቅ ጋራዥ ሥራ አገኘሁ» ብለህ፣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትተህ፣ ሻንጣህን ያዝክ። እኔ ሞኟ ደግሞ ስምንት ወር ሙሉ ያባረርኩህ እኔ መስሎኝ፣ ያን ሰሞን የተናገርኳትን እያንዳንዷን ክፉ ቃል እየመዘዝኩ አልቅሻለሁ። ለካ የሸሸኸው ከእኔ አፍ አይደለም፤ ከአንድ አውራ ጣት ከምታህል ናስትሮ ነው።

እውነት ከተነሳ የእኔንም ልጻፈው፤ አንተ ብቻ ጥፋተኛ ሆነህ እኔ ንጹሕ ልሁን አልልም። ያን ቀን በሰው ፊት «አባባ፣ እውነቱን ይናገሩ፤ ረስተው እንደሆነ ረሳሁ ይበሉ» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ልብሱን በገዛ እጄ ሰፍቼ ሰጥቻቸው ባዕድ አመንኩ። አዎ፣ ባዕድ ብዬሃለሁ። እሳቸው ይቅርታ ሊጠይቁህ የመጡት አንተ ስለከሰስካቸው አልነበረም፤ እኔ ስላላመንኳቸው ነው። የገዛ ልጄ ካላመነችኝ በእርግጥ ረስቼ ይሆናል ብለው ራሳቸውን ተጠራጠሩ። ይህን ሰኞ ዕለት ነገሩኝ፣ ሽቦውን በጣታቸው እያሻሹ። ሲነግሩኝ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ደግሞ የክሩን ነገር እኔ አልነገርኳቸውም። አረንጓዴዋን ትራፊ አነሱ፣ የልጅቷን የደንብ ልብስ ገመዱ ላይ አዩ፣ መልሰው ክሩን አዩ። «ለልጅቷ አትንገሪያት» አሉ። ቀጥለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስለዚህ አልብሼው ነበር ማለት ነው?» አሉኝ።

«አልብሰውት ነበር፣ አባባ።»

«አልብሼው ነበር» አሉ። ሦስት ጊዜ አሉት።

አሮጊቷ ዳነች፤ ታዲያ ነገሩ በዚህ አለቀ? አላለቀም። ዝግታ አፉን ከፍቶ አይናገርም፤ «እኔ የመኪና ሐኪም ነኝ፣ የትዳር አይደለሁም» ብሎ ታጣፊ ወንበሩን አጥፎ ሄደ። እትዬ ሬዲዮ ደግሞ «አዲስ ኮምፒውተር ገጠሙለት እኮ! ሽማግሌው ያቃጠለውን!» እያለች ስታሰራጭ ዋለች። ዛሬ ጠዋት አባባ ሽንኩርቱን ከባልዲው ገልብጠው ውሃ ሞልተው ግቢ ሲገቡ ሾፌሮቹ ተነስተው ቆሙ። «ጋሼ ባልዲ፣ ሁለተኛዋን ሊያቃጥሉ ነው እንዴ?» አለ አንዱ፤ ሳቁ እስከ መንገድ ተሰማ። አባባ ኮፋኖውን አነሱ። ከኪሳቸው የሰፋሁላቸውን የፕላስቲክ ልብስ አወጡ። ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን አለበሱት፣ ማሰሪያውን አሰሩ፣ ለሁሉም እንዲታይ ከፊቱ ገለል አሉ። ከዚያ አጠቧት። ከጣሪያው እስከ ጎማው፣ ሞተሯንም። ውሃው ግማሹ እግራቸው ላይ ነው የፈሰሰው። ሲጨርሱ ቆርቆሮዬ ውስጥ የነበረችውን መንጃ ፈቃድ ደረት ኪሳቸው ከተው ጋቢናው ውስጥ ገቡ። ቁልፉን ሲያዞሩት ቢጫዋ መብራት በራች። መብራቷ ጠፋች። ሞተሩ ተነሳ።

ዳገቱን ወጥተው ሲመለሱ አንድም ሰው አላጨበጨበም። «አዲስ ኮምፒውተር ምን ይሳነዋል!» አሉ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። ያንን ስም የወሰድከው አንተ ነህ፤ ልትመልሰው የምትችለውም አንተ ብቻ ነህ። እኔ ብናገር «ባሏ ጥሏት ስለሄደ ነው» ይላሉ። አባባ ቢናገሩ «ሽማግሌ ራሱን ሲያድን» ይላሉ። ስለዚህ ሰኔ 21፣ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ሾፌሮቹ ሁሉ ግቢ በሚሆኑበት ሰዓት፣ ስልኬን ድምፁን ከፍ አድርጌ ኮፋኖው ላይ አስቀምጠዋለሁ። ትደውላለህ። «ሽቦውን የቋጠርኩት እኔ ነኝ፤ አይቼም የሸፈንኩት እኔ ነኝ፤ አባባ አልብሰውት ነበር» ትላለህ። ሌላ ሰበብ፣ ሌላ ማስተዛዘኛ አልፈልግም። እትዬ ሬዲዮን ከፊት ወንበር አስቀምጣታለሁ።

አባባ ይህን ስጽፍ አይተውኛል። «ይደውላል ብለሽ ነው?» አሉኝ። «አላውቅም» አልኳቸው። «ልጁ ክፉ አይደለም» ብለው ወጡ። ይህን የጻፍኩልህ ደስ እንዲልህ አይደለም፤ እንዲያምህ ነው።

ዝግታ ቆርጦ ያወጣውን የነደደ ሽቦ ለሁለት ቆርጬዋለሁ፤ አንዱን ከብርቱካናማው ክር ጋር በዚሁ ፖስታ ልኬልሃለሁ፣ ሌላው ከአረንጓዴው ጋር እኔ ጋ ነው። መንገድህን ያቅናልህ፣ እጅህን ከእሳት ይጠብቅልህ፣ እንቅልፍህን ግን እስከ ቅዳሜ ይንሳህ።

የልጅህ እናት፣
ልብስ ሰፊዋ

የሥራ ቱታህ አሁንም በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። የተቀደደውን ኪሱን ሰፍቼዋለሁ። ሥራዬ ስለሆነ ነው፤ ሌላ ትርጉም እንዳትሰጠው።